ግመሎቹ ጋ ሲደርስ የሚቆረጥ ስልክ

የልጅ ልጄ ትናንት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «እማማ ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ በይ ቻው» ብላ ዘጋች። በቃ። እኔ ገና ስልኩን ወደ ደህናው ጆሮዬ እያዞርኩ ነበር። መቆጣት አማረኝ። ግን በምን አፌ? ነገሌ ቦረና ውስጥ ሰላምታ መቁረጥን መጀመሪያ በገንዘብ የሸጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

ግድ የላችሁም፣ ላጫውታችሁ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ባለቤቴ ወታደር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ አረፈ፣ እኔ ነገሌ ቀረሁ። ወዴት እሄዳለሁ? ወሎ ያለው ዘመዴ መልኬን ረስቶታል። በባትሪ ድንጋይና በሬዲዮ ጀመርኩ። ከሬዲዮ ወደ ስልክ ቀፎ፣ ከስልክ ቀፎ ወደ ስዊችቦርድ አደግሁ። ስዊችቦርድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ የነጋዴ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሳጥን ነው። ከውጭ ሁለት መስመር ይገባበታል፣ ወደ ውስጥ ስምንት ስልክ ይወጣበታል። አንዱ ያነሳል፣ ለሚፈለገው ሰው ያሻግራል። መስመሩን መንግሥት ይሰጣል፤ ሳጥኑን የምሸጥ እኔ ነበርኩ። ያኔ ሞባይል ገና ወደኛ አልደረሰም።

«ሳታነቢ እንዴት ሸጥሽው?» ትሉኝ ይሆናል። በሬ የሚሸጥ ሰው በሬው ላይ የተጻፈ ያነባል እንዴ? አዲስ አበባ ያለው አስመጪ እያንዳንዱ ሳጥን የሚችለውን ይነግረኛል፣ እኔ በቃሌ እይዛለሁ። ደግሞ ምላሴን ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ ለአንድ አልቤርጎ ባለቤት ስምንት ስልክ ሸጥኩለት። የአልቤርጎው ክፍል አምስት ነው። የተረፉትን ሦስቱን ምን ያድርጋቸው? ሁለቱን የራሱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ በአንዱ ሚስቱን፣ በአንዱ ወጥ ቤቱን ሊያናግር። ሚስቱ የምትውለው ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤት ደግሞ ስልክ አልገባም። ሦስተኛውን ዳንቴል አልብሶ ሳሎን አኖረው፣ ለክብር።

ሳጥኑን መስቀልና ሽቦውን ማገናኘት የአቶ ግርማ ሥራ ነበር። ጡረታ የወጡ የመስመር ሠራተኛ ናቸው። ከምሰሶ ወድቀው አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ፤ እጃቸው ግን አይሳሳትም። ሙያ አላቸው፣ ንግግር የላቸውም። ንግግሩ የኔ ድርሻ ነበር። አሁን ሳስበው ጥፋቱም የመጣው ከኔ ድርሻ በኩል ነው።

አንድ ቀን ሀጂ ሁቃ ሱቄ መጡ። የበሬና የግመል ነጋዴ ናቸው፤ ከፊልቱ ይገዛሉ፣ ወደ መሃል አገር ይጭናሉ። የተወለዱት ሜጋ ነው፣ እናታቸውም ያኔ እዚያው ነበሩ። ሰው አክባሪ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ተበሳጭተዋል።

«አዴ የሺ፣ ስልኬን ሰላምታ ጨረሰው» አሉኝ። አዴ እናት እንደማለት ነው።

እውነታቸውን ነው። የቦረናን ሰላምታ ታውቁታላችሁ? «አካም? ናጋ?» ተብሎ ይጀመራል። አካም እንዴት፣ ናጋ ሰላም ማለት ነው። ሰዉ ናጋ? ናጋ። ልጆቹ? ናጋ። ላሞቹ? ናጋ። ጥጆቹስ? ፍየሎቹስ? ዝናቡስ? የጉድጓዱ ውሃስ? ሁሉም በየተራው ይጠየቃል፣ ሁሉም በየተራው ናጋ ይባላል። ከዚያ ጠያቂው ተጠያቂ ይሆንና እንደገና ይጀመራል። ጉዳይ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ታዲያ የአዳማው በሬ ገዢ በዚህ መሃል አሥር ጊዜ ይደውላል፣ አሥር ጊዜ መስመሩ ይያዝበታል፣ በመጨረሻ ሌላ ነጋዴ ጋ ይሄዳል።

ሱቄ ውስጥ ሁለት ሳጥን ነበረኝ። አንዱ ትንሽ፣ የዋህ፣ ከማሻገር በቀር ምንም የማያውቅ። ሌላው ትልቅ፣ ዋጋውም እንደ ቁመቱ፣ ስድስት ወር አቧራ የጠጣ። ለሀጂ ትንሹ ይበቃቸው ነበር፣ አንድ መስመር ቢያስጨምሩ። ይህን አውቃለሁ። አቶ ግርማም በዓይናቸው ትንሹን አሳዩኝ። እኔ ግን የትልቁን አቧራ በነጠላዬ ጠረግ አደረግሁና፣ «ሀጂ፣ ይሄ ይቆርጣል» አልኳቸው።

«ምን ይቆርጣል?»

«ወሬ ይቆርጣል። ደቂቃውን ይነግሩታል። ሲሞላ ጢጥ ጢጥ ይልና መስመሩን ይለቃል። አንቱ አልዘጉ፤ የዘጋው ሳጥኑ። በሳጥን ማን ይቀየማል?»

ሀጂ ሳቁ። ግን ፈሩም። «የደወለው ሽማግሌ ቢሆንስ?» አሉ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አልኳቸው። «እስኪ የሚደውሉት ይልመዱና ከጉዳዩ ሥር ይጀምሩ።» ተረት አልቆብኝ አያውቅም። ምነው ያን ቀን ባለቀብኝ።

እሳቸው አሥር ደቂቃ ይሁን አሉ። እኔ ሦስት ይበቃል አልኩ። ለምን ሦስት? ሒሳብ ሠርቼ እንዳይመስላችሁ። ሥላሴን አስቤ ነው። ሀጂ ይህን እስከ ዛሬ አያውቁም፤ እናንተም አትንገሯቸው።

አቶ ግርማ ሰቀሉት። ሠራም። ልክድ አልችልም፣ ሠራ። ነጋዴው በሳምንት ውስጥ ለመደና «አካም ሀጂ፣ ሃያ በሬ አለኝ» ማለት ጀመረ። ገበያ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው ሲያዩ «ምነው፣ ሀጂ ሁቃ ጋ እየደወልክ ነው?» ይሉታል። እኔንም አዴ ሦስት ደቂቃ አሉኝ። ደስ አለኝ። ዝናዬ ወደራ ከተማ ድረስ ሄዶ እዚያም ሁለት ሳጥን ሸጥኩ።

ከዚያ አባ ጂሎ ደወሉ።

አባ ጂሎ የሀጂ አጎት ናቸው፣ የእናታቸው ወንድም። የሚኖሩት ከሜጋ ወጣ ብሎ ነው። በእግራቸው ከተማ ገብተው ከአንድ ሱቅ ደወሉ። ሀጂ ራሳቸው አነሱ። ሰዉ ናጋ፣ ልጆቹ ናጋ፣ ላሞቹ ናጋ ሲባባሉ ቆይተው አባ ጂሎ «ግመሎቹስ?» ሲሉ ጢጥ ጢጥ፣ ተቆረጠ። ደግመው ደወሉ። ከየት የጀመሩ ይመስላችኋል? ካቆሙበት? ሰላምታ ከመሃል አይጀመርም፤ ጸሎት ከመሃል ይጀመራል? ከሰዉ ጀመሩ። ግመሎቹ ጋ ሲደርሱ ተቆረጠ። ሦስተኛ ደወሉ። ከሰዉ ጀመሩ። ግመሎቹ ጋ ተቆረጠ።

ሀጂ መልሰው እንዳይደውሉ የሱቁን ቁጥር አያውቁም። ደግሞስ ሁሉም ናጋ ነው ተብለው የለ? ከሰዓት ሱቄ መጥተው፣ «አጎቴ ምን ያህል ቢናፍቀኝ ነው፣ ሦስት ጊዜ ደወለልኝ» ብለው አጫወቱኝ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «ሳጥኑ ባይኖር እስከ ነገም አይለቁዎት ነበር» አልኳቸው። አቶ ግርማ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው ደግሞ መቼም አይስቁም፤ ስለዚህ ምንም አልመሰለኝም።

የቆላ ሰው ካልሆናችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ አገር ሰው መርዶ ይዞም መጥቶ ናጋ ነው የሚላችሁ። ክፉ ወሬ በር ላይ አይነገርም። መልእክተኛው ይቀመጣል፣ ውሃ ይሰጠዋል፣ ላሙም ጥጃውም ይጠየቃል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ታዲያ…» ይላል። ናጋው ውሸት አይደለም። ልባችሁን አዘጋጁ ማለት ነው። ይህን እኔ ነገሌ ስኖር ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሀጂማ አብረውት ነው ያደጉ። ግን ሁለታችንም ሳጥኑ የሚቆርጠው ሰላምታውን ብቻ መሰለን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ከጭነት መኪና ወረደ። አባ ጂሎ የላኩት ነው። የሀጂ እናት አዮ ሎኮ በጠና ታመው፣ «ሁቃን ጥሩልኝ» እያሉ ነበር። ሀጂ እዚያው በቆሙበት መኪና አስነሱ። ሲደርሱ የመቃብሩ አፈር ገና አልደረቀም።

ለቅሶ ሄድኩ። መቅረት ይቻላል እንዴ? አቶ ግርማም አብረውኝ ሄዱ። አባ ጂሎ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ሀጂን የጠየቋቸው እኔ ፊት ነው። በኦሮምኛ ነበር፤ እኔም እሰማለሁ።

«ሁቃ፣ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሦስቴም ግመሎቹ ጋ ስደርስ ጠፋህብኝ። ግመሎቹ ምን ሆነው ነው?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን ከፈትኩ። «አባ ጂሎ፣ ሳጥኑን የሸጥኩ እኔ ነኝ፣ ሦስት ያልኩም እኔ ነኝ።» ይህ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ግማሽ አይሞላም። ያን ሁሉ ሳጥን በምላሷ የሸጠች ሴት ግማሽ ደቂቃ አጣች። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ሀጂ አዩኝ። ከዚያ ወደ አጎታቸው ዞረው፣ «መስመሩ ነው፣ አጎቴ። የዚህ አገር መስመር እንደምታውቀው ነው» አሉ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያመኑ አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲያ፣ እስከ ሞቱ ድረስ፣ ለሀጂ ሲደውሉ ግመሎቹን ይዘሏቸው ነበር። ሰዉ፣ ልጆቹ፣ ላሞቹ፣ ፍየሎቹ ይጠየቃሉ፤ ግመሎቹ ላይ ዝም። ገደ ቢስ ጥያቄ ነው ብለው ይሆናል። ወይ የእህታቸውን ልጅ የሚያስከፋ አንድ ነገር ግመሎቹ ላይ ደርሶ ይሆናል ብለው። እኔ በግማሽ ደቂቃ ላስረዳቸው የምችለውን ነገር ሳይገባቸው ይዘውት መቃብር ገቡ።

ነገሌ እንደተመለስን አቶ ግርማ ማንም ሳያዛቸው ሄደው ደቂቃውን ከሳጥኑ ላይ አነሱት። ሀጂ ሳጥኑን አልመለሱም፤ አልወቀሱኝምም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። በሱቄ ሲያልፉ ቆም ብለው «አካም፣ አዴ የሺ?» ይላሉ፣ ዶሮዎቼን ሳይቀር ይጠይቃሉ። አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ በኋላ ደንበኛ መጥቶ «የሚቆርጠው አለሽ?» ሲለኝ የለኝም እላለሁ። ከሀጂ በኋላ ያስመጣሁት ሌላው ትልቅ ሳጥን መደርደሪያ ላይ ያየኛል።

አሁን ሞባይል መጣና ሳጥኖቹ ተረሱ። ሰው ያለ ሳጥን ሰላምታውን በራሱ መቁረጥ ለመደ። ነገርን ከሥሩ የሚለው ተረትም ለሌላ አገር የተተረተ ነው መሰለኝ። እኛ ጋ የነገር ሥሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው።

ሀጂ አርጅተዋል፤ ግን አሁንም ይደውሉልኛል። ግመል ከሸጡ ስንት ዘመናቸው ነው፤ ዛሬ አንዲት ፍየል እንኳ የላቸውም። እኔ ግን ሰዉን እጠይቃለሁ፣ ልጆቹን እጠይቃለሁ፣ የሌሉትን ላሞች እጠይቃለሁ። ከዚያ «ግመሎቹስ፣ ሀጂ?» እላለሁ።

መስመሩ አይቆረጥም።

«ናጋ» ይላሉ።

እኔም የደወሉበትን ጉዳይ እጠብቃለሁ። እስካሁን ጉዳይ ኖሯቸው አያውቅም።