ክብርት ጀዊሪያ ድምፅ ሲለዩ

እያንዳንዱ ከተማ ድምፅ ሰምቶ ሰው የሚለይ አንድ ሰው አለው። ይህ ሰው ስልክ ሲደወልለት «ማን ልበል?» ማለትን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል። ገና «ሄሎ» ስትሉት ስማችሁን፣ የአባታችሁን ስም፣ ጉንፋን እንደያዛችሁም ጨምሮ ይነግራችኋል። የእኛዋ የቆቦዋ ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። ክብርት ወይዘሮ ጀዊሪያ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ በረንዳ ላይ የተቀመጡ ልብስ ሰፊ፣ የራያ ቆላ የድምፅ ጉዳዮች የበላይ ኃላፊ።

እትዬ ጀዊሪያ የስፌት መኪናቸውን ከግድግዳው ጋር አፋጥጠው ስለሚሠሩ ጀርባቸው ለመንገዱ ነው። ደንበኛ ከኋላ መጥቶ ሰላምታ ሲጀምር፣ እግራቸውን ከፔዳሉ ሳያነሱ «ቆይ፣ እኔው ልንገርህ!» ይሉታል። ይነግሩታልም። አንዴ ናትናኤል የሚባል የዋጃ ማሽላ ነጋዴ ሊፈትናቸው አፍንጫውን ይዞ ተናገረ። «ናትናኤል፣ አፍንጫህን ልቀቀው፤ ኮትህ ደርሷል» አሉት። ሌላ ቀን ደግሞ ባጃጅ ውስጥ የምትጨቃጨቅ አንዲት ልጅ ሰምተው «ይቺ የብዙነሽ ልጅ መሆን አለባት» አሉ። ልጅቷን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። የብዙነሽ ልጅ ነበረች።

እኔን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድዱኝ ነበር። ሰው አንዳንዴ ሳይታወቅበት ማለፍ ይፈልጋላ!

አምና አንድ ጠዋት ራሳቸውን አሟቸው ወደቁ። ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝተው ወጡ። እጃቸው ይሠራል፤ አንደበታቸውም እንደ ድሮው ነው። በረንዳቸው ላይ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው ጋሽ መንሱር ምሳ ይዘው መጡና ከኋላ «እንዴት ዋልሽ?» አሏቸው።

«አልሀምዱሊላህ» አሉ እትዬ ጀዊሪያ ዘወር ሳይሉ። «ምን ልታዘዝዎ? የሚያጥር ልብስ ነው?»

ሠላሳ ዓመት «አንተ» ሲሏቸው የኖሩትን ባል አንቱ አሏቸው። ጋሽ መንሱር ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እትዬ ጀዊሪያ ሳቁንም አላወቁትም። ዘወር ብለው ፊት ለፊት ሲተያዩ ነው ሁለቱም የደነገጡት።

በሳምንቱ ደግሞ ደሴ የምትማረው ልጃቸው ኡሙሃኒ በጓደኛዋ ስልክ ደወለች።

«እማ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማን?»

«ኡሙሃኒ ነኛ!»

«ውሸታም! የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ?» ብለው ዘጉባት። ኋላ እውነቱን ሲረዱ ክር እንደያዙ አለቀሱ።

ሆስፒታል ተመልሰው ሲጠይቁት ሐኪሙ አላድበሰበሰባቸውም። «ጆሮዎ ደህና ነው። ቃሉን የሚረዳው የአንጎል ክፍልና ‹ይህ የማን ድምፅ ነው?› የሚለውን የሚለየው ክፍል አንድ አይደሉም። የእርስዎ የተጎዳው በቀኝ በኩል ያለው፣ ሰው የሚለየው ነው።»

«ይመለሳል?»

«ቃል አልገባልዎትም።»

«እንግዲያው እኔ እገባለሁ» ብለው ተነሡ።

ጋሽ መንሱር የስፌት መኪናውን ወደ መንገዱ እናዙረው፣ ፊት እያየሽ ትሠሪያለሽ ቢሏቸው «አይነካ!» አሉ። ከተማው አዝኖላቸው ገና ከሩቁ የራሱን ስም መናገር ጀመረ። መጀመሪያ የተቀጣው የፋርማሲው ከማሉዲን ነው።

«እትዬ፣ ከማሉዲን ነኝ።»

«ስምህን ማን ጠየቀህ? ሂድና እንደገና ና!»

ሦስት ጊዜ አስወጥተው አስገቡት። በሦስተኛው ከየዓረፍተ ነገሩ በፊት «ማለቴ» እንደሚል ደረሱበት። ከዚያ ወዲህ የመንገዱን ሰው ሁሉ እንዲህ ያጠኑ ጀመር። ድምፁ የማን እንደሆነ ካልነገራቸው አነጋገሩ ይናገራል፤ ናትናኤል ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጋሽ መንሱር ግራ ጫማቸውን ይጎትታሉ። ኡሙሃኒ በየጠዋቱ እንድትደውል ታዘዘች። እሷ ታወራለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን «‹እሺ› የምትዪው ሁለቴ ነው» አሏት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ድምፅሽን እንጂ አነጋገርሽን ሰምቼው አላውቅም ለካ።»

ባለፈው ቅዳሜ ጎብዬ ከተማ ሠርግ ተጠርቼ፣ ከመሳፈሬ በፊት ሱሪዬን ልቀበል ብቅ አልኩ። «ይሄ ፀሐይ ዛሬ ሊፈጀን ነው» አልኩ ከኋላቸው። የስፌት መኪናው ቆመ።

«እሸቴ ነህ።»

«አይደለሁም።»

«መህዲ!»

«አይደለሁም።»

ከማዶ፣ ከመናኸሪያው፣ የሚኒባሱ ረዳት «ጎብዬ፣ አንድ ሰው! ጎብዬ!» ይላል። የእትዬ ጀዊሪያ አንገት በላብ ረጥቧል። አዘንኩና ስሜን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ወላሂ፣ ስምህን ብትነግረኝ ሱሪህን አታገኛትም!» አሉ። «ሌላ ነገር አውራ።»

አወራሁ። ስለ አቧራው፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ላይ ሰው ስለሚጭኑት። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄደ። «ይኸው፣ ጥሎኝ ሄደ!» አልኩ።

«ዮናስ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። «ሰላም ሳይል በስሞታ የሚጀምር ካንተ ሌላ ማን አለ!»

ዞረው አዩኝ። ፈተና ያለፈች ተማሪ ይመስላሉ።

«ታዲያ መኪናህ ሲሄድ ለምን አልሮጥክም?»

ወንበር ሳብኩና ጀርባቸው በኩል ተቀመጥኩ፤ ቀጣዩ መኪና እስኪሞላ ድረስ ያለ ማቋረጥ አወራሁላቸው፣ ድምፄን ይለምዱት እንደሆነ ብዬ።