በመስተዋት የተማርኳት «ጸ»

ሰው አፉ ውስጥ ያለውን ቤት አያውቀውም። እናንተም አታውቁትም፤ አትቆጡ። ለመሆኑ «ነ» ስትሉ ምላሳችሁ የት ነው የሚያርፈው? ይኸው፣ እየሞከራችሁ ነው። «በ» እና «መ» ከንፈር ላይ ይሠራሉ፣ «ከ» እና «ገ» ከወደ ኋላ፣ ጉሮሮ አፋፍ ላይ። ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። እኔ ይህን ያወቅሁት ግን ተምሬ ሳይሆን ተከስሼ ነው።

ነገሌ ተወልጄ ነገሌ ያደግሁ፣ ከወታደር ካምፑ ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን አማርኛ የማስተምር ሴት ነኝ። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው፤ ኦሮምኛ ደግሞ «ጸ» ስለሌለው ፀሐይን «ጠሐይ» እላለሁ። አገር ምድሩ ጾምን «ጦም» ሲል ማንም ኮሚቴ አላቋቋመም። የእኔዋ ጠሐይ ግን የአንድ ተማሪዬን አባት፣ ሻለቃውን፣ አንገበገበቻቸው። ልጃቸው ቤት ገብቶ «ጠሐይ ወጣች» አለ አሉ። አቤቱታ ጻፉ። ሱፐርቫይዘር መጥቶ ሊፈትነኝ፣ ከወደቅሁም ክፍሌን አስረክቤ ንብረት ክፍል ገብቼ ጠመኔ ላድል ተወሰነ።

ተናደድኩ። ተናድጄም ተለማመድኩ፤ ምን ላድርግ፣ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ወር ሙሉ መስተዋት ፊት ተገተርኩ። ለካ «ጸ» ሩቅ አይደለችም! ምላስ እዚያው «ጠ» የሚያርፍበት፣ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ይለጠፋል፤ ሲላቀቅ ብቻ ትንሽ ያፏጫል። እንግዲህ እንጀራዬ የተንጠለጠለው በዚህች ፉጨት ላይ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሱፐርቫይዘሩ ከደጋ በቅርቡ የተዛወሩ፣ ሽበታም ጨዋ ሰው ናቸው። እኔን ከመፈተናቸው በፊት የስም መዝገቡን አንስተው መጥራት ጀመሩ። ክፍሌ ውስጥ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ስሙ እናቱ እንደምትጠራው ያልተጠራ ልጅ «አቤት» አይልም። ጠሪው አስተማሪም ቢሆን። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«ዳኪ» አሉ። ዝም። ደገሙት። ዝም። «ቀሪ» ብለው ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሱ። የልጅቷ ስም ግን የሚጀምረው በ«ዳ» ሳይሆን አማርኛ በሌለው የኦሮምኛ «ዻ» ነው። ዻኪ እዚያው አፍንጫቸው ሥር፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እኔን ታያለች። አቤት ብትል ሕጓን ትሽራለች፤ ዝም ብትል ቀሪ ልትባል ነው። ዝም አለች፣ የኔ ጀግና።

«ጌታዬ፣ ልጅቷ መጥታለች» አልኩ። «ያልመጣው ስሟ ነው።»

ሞከሩ። አልሆነም። መስተዋቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ የምላስዎን ጫፍ ወደ ላይ ቆልመም አድርገው ላንቃዎ ላይ ያሳርፉት፣ ሲለቁት አየሩን ወደ ውስጥ ይሳቡት አልኳቸው። አሁንም «ዳ» ወጣ። ሦስቴ፣ አራቴ። ላብ በላብ ሆኑ።

«አይዞዎት» አልኳቸው፤ «እኔም ለ‹ጸ› ወር ፈጅቶብኛል።»

መስተዋቱን መለሱልኝ። ፈተናዬን ጨርሶ አላነሱትም፤ ወረቀታቸው ላይ «ትቀጥል» ብለው ጻፉ። ሊወጡ ሲሉ ዻኪ ፊት ቆመው አንድ ጊዜ ደግመው ጠሯት። አሁንም ልክ አልነበረም። ዻኪ ግን ትንሽ አሰበችና «አቤት» አለች።

ከሄዱ በኋላ ሕጋችንን ለምን እንደሻረች ጠየቅኋት።

«ደክሟቸው ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ።

እኔ እንደ ዻኪ ሆደ ቡቡ አይደለሁም። «ጸ»ን ዛሬ መስተዋት ሳልይዝ አሳምሬ እላታለሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሻለቃውን ልጃቸውን ሲያደርሱ በር ላይ አገኘኋቸውና ፈገግ ብዬ በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው።

«ናጋ፣ ሻለቃ? ዛሬስ ጠሐይዋ ገና በጠዋቱ ከረረች።»