ጋሼ ሸዋንግዛውና ሃያ ሰባት ዓመት የተኛው ሞተር

በየትኛውም የአገራችን ከተማ አንድ ቀበሌ፣ አንድ እድርና አንድ የ«ኦርጅናል» አርበኛ አይጠፋም። ቀበሌው ስሙ ሊቀየር፣ እድሩ ተጣልቶ ለሁለት ሊከፈል ይችላል፤ የኦርጅናሉ አርበኛ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ዕቃውን ያገላብጣል፣ በጥፍሩ ያንኳኳል፣ ወደ ጆሮው ያስጠጋል፣ ያሸታል። ከዚያ እንደ ሰበር ሰሚ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ይሄ ኦርጅናል አይደለም» ይላል። ይግባኝ የለም።

በጂንካ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር አቶ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ለእኛ ለጎረቤቶቻቸው ጋሼ ሸዋንግዛው።

ከጋሼ ጋር ቅዳሜ ገበያ መውጣት ራስን ማስቀጣት ነው። አንድ ክረምት ጃንጥላ ልገዛ አብረን ወጣን። ነጋዴዋ ገና ከሩቅ ስታያቸው ዕቃዋ ላይ ሸራ ጎተተችበት።

«ጋሼ፣ በማርያም! ዛሬ ዝናብ ነው፤ ሰው ይግዛበት።»

«ልጄ፣ ዝናቡማ ኦርጅናል ነው» አሏት። «የሚያጠራጥረው ጃንጥላው ነው።»

በስብሼ ገባሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ቱሪስት መንገድ ቢጠይቃቸው፣ መንገዱን ትተው የእጁን ሰዓት ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ካዳመጡ በኋላ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ያን ቀን ፎቶ ማንሳት አስጠላው ብለው አስጎብኚዎቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታ ነው። የጋሼ እውነተኛ ሥራ ሳሎናቸው ውስጥ ነበር። ከብፌው አጠገብ በዳንቴል የተሸፈነ፣ በ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. ከጃፓን የመጣ ቀይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። አካሉ ሙሉ ነው፤ ሆዱ ግን ባዶ። የሞተሩ ብልቶች፣ ኩሽኔታው፣ ማርሹ፣ ካርቦራቶሩ፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው በትሪ በትሪ ተደርድረዋል። እንግዳ ሲመጣ ባለቤታቸው እትዬ ተዋበች ትሪዎቹን ወደ አልጋ ሥር እያሻገሩ፣ «ይቅርታ፣ ጣውንቴን ላስነሣላችሁ» ይላሉ።

ሞተሩ እንደዚያ ሆኖ ሃያ ሰባት ዓመት ተኛ። የጎደለው ፒስተኑ ነበር። ቦክሰር ሞተር ሳይክል የሚጠግነው መካኒካችን ኤርጎ ከአዲስ አበባ ልኩን አስመጥቶ ሦስት ጊዜ አቀረበላቸው። ጋሼ ሦስቱንም በምስማር መታ መታ አደረጉና ጆሯቸውን ደቀኑ።

«ይሄ ፒስተን አይደለም። ማሰሮ ነው።»

«ጋሼ፣ ማሰሮም ቢሆን ይሄዳል!»

«ኦርጅናል ካልሆነ ይቅርብኝ።»

«እሺ ይቅርብዎት። እርስዎ በዚህ አያያዝ ሲነዱት እኔ ጡረታ ወጥቼ ነው የማየው።»

ከተማው ይስቃል። እኔ ግን እንደ ልቤ ስቄ አላውቅም፤ ያ ሞተር የሞተው በእኔ ምክንያት ነውና።

በ፲፱፻፺ ዓ.ም. አርቦሬ አስተማሪ ነበርኩ። ወባ ጣለኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት አቆምኩ። ጋሼ ለከብት ክትባት መጥተው ኖሮ፣ ከጀርባቸው አስቀምጠው በነጠላ ከወገባቸው ጋር አሰሩኝና ጉዞ ወደ ጂንካ። እንዲህ ያለው ሞተር ቤንዚኑ ውስጥ የራሱ ዘይት ካልተደባለቀለት ይቃጠላል። የዘይቱ ጠርሙስ ግን የአርቦሬ ድንጋይ ላይ ተሰብሮ ፈስሷል። ወይጦ ሲደርሱ የሚሸጥ የሞተር ዘይት የለም፤ መኪናም እስከ ማግስቱ የለም።

የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም፤ ያኔ ወይጦ ሻይ ቤት የነበራት ፅጌረዳ ናት። ከማጀቷ የምግብ ዘይት ተቀብለው ወደ ታንከሩ ሲያንቆረቁሩት ደንግጣ፣

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የወጥ ነው!» አለቻቸው።

«አውቃለሁ። ለሞተር መለዋወጫ ይፈለግለታል። ለዚህ ሰውዬ ከየት አመጣለሁ?»

ሞተሩ በወጥ ዘይት የቀይ አፈርን ዳገት ወጣ፤ የበናን ቆላ ሰንጥቆ ጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ዳር ሲደርስ አንዴ ጮኾ፣ ፒስተኑ ተጣብቆ ቆመ። ከዚያ እስከ ሆስፒታል እኔን እላዩ ላይ አስረው ገፉት። ከሕመሜ ድኜ ሳየው ፋብሪካ ያስገባለት ፒስተን ቀልጦ እንዳልነበር ሆኖ ነበር። «ምን ነካው?» ስላቸው፣ «እርጅና» አሉኝ። ልጠይቅ ብዬ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «እርጅና ነው አልኩህ!» ይሉኛል። አንድ ቀን እንኳ ወግ ባለው ቃል ሳላመሰግናቸው ዓመታቱ ነጎዱ። ይኸውና ሰባ አራት ዓመት ሞላቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃ ለመውጣት ያመነታል። ያንን ሞተር ሳይነዱት ቢቀሩ እዳው የእኔ ነው እያልኩ እሰጋ ነበር።

የምችለው መጻፍ ስለሆነ፣ ለጃፓኑ ፋብሪካ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። በድሮው መጽሐፍ እንደተማርነው አድራሻውን በቀኝ፣ ቀኑን ከሥሩ አድርጌ፣ «ታዛዥ አገልጋይዎ» ብዬ በእንግሊዝኛ ዘጋሁት።

«አማርኛም ጨምርበት» አሉኝ።

«ጃፓኖች አማርኛ ያነባሉ እንዴ?»

«ቁም ነገር ከሆነ ያስነብባሉ።»

ከዘጠኝ ወር በኋላ «ማምረት አቁመናል፣ እናዝናለን» የሚል መልስ መጣ። ጋሼ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱና ደብዳቤውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ኦርጅናል ነዋ!

አምና ካንጋተን ከተማ የሚነግደው ዳርጌ ከድንበር ማዶ፣ ከአንድ የተዘጋ ጋራዥ ጓዳ፣ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ ፒስተን ከነቀለበቶቹ ይዞላቸው ከች አለ። ጋሼ በምስማር መቱት። አዳመጡት። እንደገና መቱት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እትዬ ተዋበች፣ «ለእኔ ሠርግ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም» አሉ።

ታዲያ ኤርጎ ሞተሩን ሊገጥም ሲቀመጥ፣ ከሲሊንደሩ ሥር የሚገባው ስስ የወረቀት ማሸጊያ እንደ ደረቀ የሙዝ ቅጠል እጁ ላይ ተበተነ። ከካርቶን ልቁረጥ አለ።

«ኦርጅናል ካልሆነ ይቅርብኝ።»

«ጋሼ፣ ወረቀት እኮ ነው!»

«የፋብሪካ ወረቀት ነበር። እንጠብቃለን።»

እንጠብቃለን! ጉልበታቸውን አየሁት፤ ቤቴ ሄድኩ። ከሣጥኔ የአምስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ መጽሐፌን አወጣሁ። ወንዞችንና ተራሮችን ያወቅሁበት፣ በየዝውውሩ ከእኔ ጋር የዞረ፣ ሽፋኑ ደንዳና የሆነ መጽሐፍ። ሽፋኑን በምላጭ ለይቼ አመጣሁላቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የ፷፰ ዓ.ም. ነው። ሞተርዎ ከጃፓን ሲመጣ እኔ ይህን ይዤ ክፍል እገባ ነበር። ዕድሜያቸው አንድ ነው።»

ተቀበሉኝ። አጠፍ ዘርጋ አደረጉት፣ በጥፍራቸው አንኳኩት፣ አሸተቱት። ከውስጥ በኩል በልጅነት እጄ የተጻፈውን ስሜን አነበቡ።

«ሌላ ቅጂ አለህ?»

«የለኝም።»

ስሜን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ሽፋኑን ለኤርጎ ዘረጉለት።

«ኤርጎ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቁረጠው። ስሙን እንዳትነካ።»

ኤርጎ ሽፋኑን በብረቱ አፍ ላይ ዘርግቶ ጠርዝ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ እየመታ ልኩን አወጣ። ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ሞተሩ ግቢ ወጣ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ረገጡት፤ ጉልበታቸው ከዳቸው። ኤርጎ ረገጠ፤ ሳል ብቻ።

«ቲቸር፣ አንተ ሞክር እስቲ» አለኝ እያላበው። «ጂኦግራፊው ያንተ አይደል?»

በአራተኛው ርግጫዬ ተነሣ። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። እትዬ ተዋበች እልልታቸውን አቀለጡትና፣ «በሉ እንግዲህ ሳሎኔን መልሱልኝ!» አሉ። ጋሼ ኮርቻው ላይ ወጥተው ወደኋላ ሳይዞሩ፣ «ምን ቆመሃል? ውጣ!» አሉኝ።

ወደ ቀይ አፈር በሚወስደው መንገድ ነዱ። በዚያ መንገድ ሕይወቴን ይዘውልኝ ሲያልፉ ዓይኔ አያይም ነበር፤ አሁን ማሳውንም፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘው የሚሄዱትን ገበያተኞችም፣ ሩቅ የሚታየውን ሰማያዊ ተራራም አንድ በአንድ አየሁ። ጎንበስ ብዬ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልነግርዎ የፈለግኩት ነገር…»

«ዝም በል መምህር!» አሉኝ። «ሞተሩን ልስማበት።»

ወገባቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።