ሰባት ሽንፈት የቀራቸው አሰልጣኝ

አሰልጣኝ ሲባረር አንገቱን ይደፋል ያላችሁ ማነው? ጋሼ ታደሰን አላወቀማ!

በፈረንጆቹ ሰባዎቹ፣ ሎስ አንጀለስ ተማሪ ሳለሁ፣ ጋሼ ሳንታ ሞኒካ አንድ የእግር ኳስ ቡድን ያሠለጥኑ ነበር። ከሳቸው በፊት የነበረው ነጭ አሰልጣኝ ዘጠኝ ጊዜ ተሸንፎ «ዕድል የጎደለው» ተባለ። ጋሼ ሁለቴ ቢሸነፉ «ችሎታ የላቸውም» ተብለው ተባረሩ።

እኛ የሐበሻ ተማሪዎች ጋሼን ይዘን ወደ ቡድኑ ባለቤት ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ዋናው ሽማግሌ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እኔ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ፣ በተውሶ ክራባት! ገና አፌን ሳልከፍት ጋሼ ቀደሙኝ፦

«ሶ፣ የናንተ ልክ ዘጠኝ ሽንፈት ከሆነ፣ እኔ ገና ሰባት ይቀረኛል። እሱን ልጨርስና አሰናብቱኝ።»

ሰውዬው ፊቱ ቀላ እንጂ ወደ ሥራቸው አልመለሳቸውም። እኛ ተማሪዎቹ ግን የራሳችንን ቡድን መሥርተን፣ እሳቸውን አሰልጣኝ አድርገን፣ ሰባቱንም ሽንፈት አስጨረስናቸው። አሥረኛውንም ጨመርንላቸው፤ እስቲ ማን ወንድ ያባርራቸዋል?