ሊቀ ልኬትና የባለቤቴ የፊት ጥርስ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት «አንዴ ልድገመው» የሚል ሰው አይጠፋም። በሩን ቆልፎ ከሄደ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ የሚነካካው፣ ያሸገውን ደብዳቤ መልሶ የሚቀድደው እሱ ነው። ዓለም ቀጥ ብላ የቆመችው በእነዚህ ሰዎች ይሁን ወይስ የዘገየችው በእነሱ፣ ይህን ሁሉ ዕድሜ ኖሬም አልለየልኝም።

የእኛው ክቡር ሊቀ ልኬት፣ ማዕረጉን የሰጠችው ባለቤቴ ናት፣ ከጥርስ ሐኪሙ ጀርባ ባለች ጨለምለም ያለች ጠባብ ክፍል ይሠራል። ጥርስ ላይ ቀጭን የሌዘር መስመር ያበራል። መስመሩ እንደ ጥርሱ ጉብታና ጎድጓዳ ይታጠፋል፤ ካሜራው መታጠፉን ከጎን ያነብባል፤ ኮምፒውተሩም ጥርሱን ከነከፍታውና ከነጥልቀቱ ያወጣዋል። ጥርስ ስለሚያብለጨልጭ አስቀድሞ ነጭ ዱቄት ይነፋበታል። ዓይኑን አያምንም፤ የሚቀመጥበትን ወንበር እንኳ በውኃ ልክ ነው የሚፈትሸው።

ባለቤቴ የፊት ጥርሷ ከተሰበረ ወዲህ አፏን በእጇ ሳትከድን አትስቅም ነበር። የልጃችን ሠርግ ሁለት ወር ሲቀረው ለምትክ ጥርስ ልትለካ ሄደች። ዱቄቱ አሳቃት፤ መስመሩ ተንቀጥቅጧል ተባለ። ማክሰኞ ትመለስ ተባለ። ማክሰኞ ክፍሉ ሞቋል ተባለ። በሚቀጥለው ደግሞ አንዲት የሚሊሜትር መቶኛ አልገጥም አለች። እኔ እንጨረጨራለሁ፣ እሷ ትስቃለች።

«ተወው በሞቴ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ጥርሴን እንዲህ አተኩሮ ያየልኝ የለም፣ አንተን ጨምሮ።»

ሠርጉ ደረሰ፤ ጥርሱ አልደረሰም። በፎቶዎቹ ሁሉ እጇ አፏ ላይ ነው። በወሩ ልቧ ድንገት ቆመ።

ሊቀ ልኬት ሊያጽናናኝ መጣ፤ በእጁ ትንሽ ሣጥን ይዟል። ውስጡ ምትክ ጥርሷ ነበረች። አሁን ምን ትሠራልኛለች ብዬ ልጮህበት ስል፣ መሬት መሬት እያየ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ልኬት ትክክል ነበር።»

«ታዲያ ለምን አመላለስካት?»

ሣጥኑን አጠገቤ አስቀመጠ። «ቀኑን ሙሉ ሰው አፉን ከፍቶልኝ ይቀመጣል፤ የሚያዋራኝ ግን የለም። እትዬ ያዋሩኝ ነበር።»

ልቆጣው አልቻልኩም። እኔስ አርባ ዓመት ሙሉ ኪሴ ውስጥ ያለ መነጽር ጠፋኝ እያልኩ ከጓዳ ስጠራት የኖርኩት ለምን ነበር?

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ እሄዳለሁ። ጥርሴ ምንም አልሆነም፤ እሱም ያውቃል። ዱቄቱን ይነፋብኛል፣ መብራቱን ያጠፋል፣ ቀዩ መስመር ጥርሴ ላይ ያርፋል። ከዚያ ከሁለታችን አንዱ እሷን ያነሣል፤ ልኬቱም ይበላሻል።