የውጪው ሸራ

ያልተበላሸ ነገር ካልጠገነ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የዚህኛው ሰፈር ሰው "ኢንጂነሩ" ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡት ግን ከቆጣሪ አንባቢነት ነው። የበር ማጠፊያውም፣ የግድግዳ ሰዓቱም፣ የጎረቤት ጃንጥላውም በክቡር እጃቸው አልፏል። "ትንሽ ማስተካከያ ነው የሚፈልገው" ይላሉ፣ ዕቃው ነፍሱ ሊወጣ ሲል። ታናሽ እህታቸው ይህን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ነክሳ ነው ያረጀችው።

ዘንድሮ የያዛቸው አባዜ የአሮጌ መኪናቸው የኋላ ፍሬን ነው። ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ከውስጥና ከውጪ የሚጨብጡት ሁለት የፍሬን ሸራዎች እኩል አያልቁም፤ የውስጡ ሳስቶ ብረት ሲነካ የውጪው እንደ አዲስ ነው። መካኒኩ "ሁለቱንም ቀይረው ይገላገሉ" ቢላቸው ተቀየሙት። በየቅዳሜው መኪናዋን በክሪክ ያነሳሉ፣ የሸራውን ጫፍ በሞረድ ይሞርዳሉ፣ ውፍረቱን ለክተው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እንዲህ እየተባለ መኪናዋ ሦስት ወር ሙሉ ከግቢ አልወጣችም። ያልተነዳ መኪና ሸራ እንዴት እኩል ሊያልቅ ይችላል ብሎ የሚጠይቃቸው አልተገኘም።

በዚያው ሦስት ወር እህታቸው አልጋ የያዙትን እናታቸውን ብቻዋን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ወገቧ እምቢ ካላት ሰነባብቷል። ሐኪሙ ሳይቀር "አንቺም ካላረፍሽ ሁለት አልጋ መፈለጋችን ነው" ብሏታል። አንድ ቅዳሜ እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እሳቸውን ሐኪም ዘንድ በመኪና እንዲያደርሱላት ልትለምን ወንድሟ ግቢ ሄደች። መኪናዋ እንደ ልማዷ ክሪክ ላይ ናት።

"ትንሽ ማስተካከያ ነው የቀራት" አሉ ኢንጂነሩ፣ ከጎማው ስር ሳይወጡ። "ይኸውልሽ፣ የውጪው ሸራ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ይላል። ሸክሙ በሙሉ የውስጡ ሆነ። ያሳዝናል፤ ብቻውን አለቀ።"

"ወንድም ጋሼ" አለች እህት፣ "እኔንስ ቀና ብለህ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

ቀና አሉ። መክሳቷን፣ ግድግዳውን ተደግፋ መቆሟን ያን ጊዜ አዩ። አፍረው ሞረዱን መሬት ላይ አኖሩት።

በዚያው ቀን እናታቸውን በታክሲ ሐኪም ዘንድ ወስደው መለሱ። በማግስቱ ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው እናታቸው ቤት ከተሙ። ፈረቃ አወጡ፤ እናታቸውን በቀን ስንት ጊዜ እንዳገላበጡ፣ ስንት ማንኪያ ሾርባ እንደጠጡላቸው ደብተራቸው ላይ መዘገቡ። አልጋው ይወዛወዛል ብለው አንዱን እግር ሞረዱት፤ አጠረ። ባጠረው በኩል ከመኪናዋ የፈቱትን ያንን የውጪ ሸራ ሸጎጡበት። እህት ያን ቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች፤ ስትነቃ የት እንዳለች ግራ ገባት።

እናት በሰባተኛው ሳምንት አረፉ። ለቀስተኛው ሲበተን ቤቱን ልታጸዳ የመጣች ጎረቤት አልጋው ስር አጎንብሳ "ይሄ ቆሻሻ ብረት ይጣል?" አለች።

"ተዪው" አለች እህት። "አልጋውን የያዘው እሱ ነው።"

አልጋው ዛሬም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እህት የምትተኛው እዚያ ላይ ነው፤ ሊያስተካክሉት ለሚመጡት ኢንጂነር ግን በሩን አትከፍትም፣ ሞረዱን ውጪ ካላስቀመጡ በቀር።