የመምህር ደሳለኝ ቢራቢሮ

ለሽምግልና ከተላካችሁ ስለ ቢራቢሮ አታውሩ። ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

እዚህ ሐረርጌ፣ ጭሮ፣ መምህር ደሳለኝ የሚባሉ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። ከጎጃም ተመድበው መጥተው እዚሁ ሸበቱ። እሳቸው ግን "እኔ እንኳ ለጊዜው ነኝ" ነው የሚሉት። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የአንድ የእስያ ቢራቢሮ ፎቶዎች ተለጥፈዋል። ትልቅ ነው፣ ጥቁር። የጃቫው ሌላ መልክ፣ የቦርኒዮው ሌላ። አንዷ ጅራት አላት፣ አንዷ የላትም፤ አንዷ ደግሞ ክንፏ ላይ ነጭ ጣል ጣል ብሎባታል። እንግዳ በገባ ቁጥር "መልካቸው አያሳስታችሁ፣ ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው፤ ቢገናኙ ይዋለዳሉ" ይላሉ። ስንቴ ሰምተነዋል መሰላችሁ።

ታዲያ የጎረቤቴ ልጅ ታምራት፣ የጭሮ ተወላጅ መካኒክ፣ የመምህርን ልጅ ሰላምን ወደዳት። እሷም ወደደችው። ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ቆመን ለመንን። መምህር "ልጁስ ጨዋ ነው፤ እኔ ግን ልጄን ለአገሬ ሰው ነው የምድራት" አሉ። እኔ ሆዬ፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወደ ግድግዳው ጠቆምኩና "ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ይሉን የለም እንዴ?" አልኳቸው። "የየደሴቱ መልክ ሳይጠፋ የቆየው ባሕር ስለለያቸው ነው" ብለው አረፉት። ሽማግሌዎቹ ገላመጡኝ። ግን እስቲ አሁን ባሕሩን ከየት አመጡት? ጎጃም እኮ በአውቶቡስ ነው የሚኬደው።

ሰላም ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ሻይ ይዛ ወጣች፣ ለሁላችንም አቀረበችና ተመልሳ ገባች። እስካሁን ታሳዝነኛለች።

መምህር ጡረታ ሲወጡ ልጃቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ዘመድ ባል ሊፈልግላት ተነሳ። ማን እሺ ይበል? "ቆንጆ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ግን የሐረርጌ ልጅ ናት" ይላሉ አሉ። በወሬዋ መሃል ኦሮምኛ ጣል ስታደርግ ይስቁባታል። እሳቸውንም "ሐረርጌው" እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። ብዙም ሳይቆዩ አባትና ልጅ ጓዛቸውን ይዘው ጭሮ ተመለሱ።

በቀደም ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን፣ መምህር ሲቁነጠነጡ ቆዩና "ያ ታምራት ደህና ነው?" አሉኝ። ደህና ነው፣ ገለምሶ ጋራዥ ከፍቷል አልኳቸው።

"አላገባም አይደል?"

አንጀቴን በሉት። ግን ምን ብዬ ልዋሽ? አግብቷል፣ ጤና ጣቢያ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት አልኳቸው።

ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ከየት ተመድባ?"

"ከጎጃም፣ መምህር።"